መጠን ሳይሆን ቅርጽ፤ ስለ ጊንጥ መርዝና ስለ ዛሪማ ቆላ

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ፣ ገብሱ ቀርቶ ማሽላው ይቀበለዋል፤ ድንጋይ ሲገለብጥ ደግሞ ደጋ ላይ እምብዛም የማያየውን ጊንጥ ያገኛል። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋው ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው፤ መሬት ላይ ይተኛል፣ ነዶ በክንዱ ያቅፋል፣ ጫማውን ሳያራግፍ ያጠልቃል። እዚያው ተወልዶ ያደገው ሕፃን ደግሞ በባዶ እግሩ በምሽት ደጅ ይወጣል። ጊንጥ ሲነድፍ ምን እንደሚያደርግ ከናንተ ብዙዎቻችሁ ከኔ በተሻለ ታውቃላችሁ፤ እንዴት እንደሚያደርገው ግን ብዙ አልተነገረም። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ነው፦ የጊንጥ መርዝ የሚመርዘው በብዛቱ ወይም በክፋቱ ሳይሆን በቅርጹ ነው፤ ቅርጹ በነርቫችን ላይ ካለ አንድ በር ጋር ሲገጥም ብቻ መርዝ ይሆናል፣ ካልገጠመ ምንም አይደለም። ይህን የተረዳ ሰው የትኛውን ጊንጥ መፍራት እንዳለበት፣ የተነደፈን ሰው እንዴት መርዳት እንዳለበትና ከመርዙ ምን ጥቅም ሊጠበቅ እንደሚችል ከዚሁ ከአንዱ ሐሳብ ማውጣት ይችላል።

ከፍርሃታችን እንጀምር። ሰው በተፈጥሮው የሚፈራው ትልቁን ነው። ጥቁር፣ መዳፍ የሚሞላ፣ የፊት መቆንጠጫው የወፈረ ጊንጥ ሲታይ ቤተሰቡ በሙሉ ብድግ ይላል፤ ቢጫዋን ቀጭን ግን ረግጦ ማለፍ ይቀናል። ይህ ፍርድ የተገለበጠ ነው። በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ የጊንጥ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ሰው መግደል የሚችሉት ጥቂት አሥሮች ብቻ ሲሆኑ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቡቲዴ ከሚባለው አንድ ቤተሰብ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ አባላት በአብዛኛው መቆንጠጫቸው ቀጭን ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ፓራቡተስና ሆተንቶታ የሚባሉት ወገኖች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ትላልቆቹ ጥቋቁር ጊንጦቻችን ግን የፓንዲነስ ዘመዶች ናቸው፤ ንድፊያቸው ያማል፣ ሰው የመግደል አቅም ግን የላቸውም። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ታዳኙን በመቆንጠጫው አድቅቆ የሚበላ እንስሳ ብርቱ መርዝ አያስፈልገውም፤ መቆንጠጫው ደካማ የሆነው ግን ኑሮው በሙሉ በጅራቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፓራቡተስ ወገን አሥር ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሚያድጉ አሉና «ትልቅ ከሆነ አይጎዳም» ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። መታየት ያለበት የአካሉ ርዝመት ሳይሆን መቆንጠጫው ከጅራቱ ጋር ሲነጻጸር ነው፦ ቀጭን መቆንጠጫና ወፍራም ጅራት ያለው ጊንጥ ሊፈራ ይገባዋል።

አሁን ወደ መርዙ እንግባ። በጅራቱ የመጨረሻ እብጠት ውስጥ ሁለት ዕጢዎች አሉ፤ ከነርሱ የሚወጣው ፈሳሽ ውኃ፣ ጨው፣ ኢንዛይሞችና ከመቶ የሚበልጡ ዓይነት ያላቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ድብልቅ ነው። ዋናው ሥራ የነዚህ ትናንሽ ፕሮቲኖች ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቁራጮች በሰልፍ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን 574 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የጊንጥ የነርቭ መርዝ ግን ከ30 እስከ 70 ገደማ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ አንድ ጥምዝና ከጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ትይዩ መስመሮች ያሉት ጠፍጣፋ ገጽ ይሠራል። ከዚያ ሦስት ወይም አራት የድኝ ማለትም የሰልፈር ማሰሪያዎች ጥምዙን ከገጹ ጋር ጠፍረው ይይዙታል። የዚህ ዓይነት መርዝ ቅርጽ በኤክስሬይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1980 እ.ኤ.አ. ከአንድ የአሜሪካ ጊንጥ በተገኘ ፕሮቲን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካም ከእስያም የተመረመሩት በመቶ የሚቆጠሩ መርዞች አጣጣፋቸው በብዛት ያው ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጠንካራ አሠራር ብዙ ነገር ያስረዳል። ተራ ፕሮቲን ሙቀት ሲነካው ቅርጹን ያጣል፤ የእንቁላል ነጭ ሲጠበስ የሚሆነው ይኸው ነው። የጊንጥ መርዝ ግን በማሰሪያዎቹ ስለተጠፈረ ሙቀትን ይቋቋማል፣ የሰውነታችን ኢንዛይሞችም በቀላሉ አይቆርጡትም። የተነደፈን ቦታ በፍም መተኮስ ሥጋውን የሚያቃጥል፣ መርዙን የማያጠፋ ሥራ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ይህ ትንሽ ፕሮቲን የሚገጥመው በር ምንድን ነው? የነርቭ ሕዋስ በሽፋኑ ላይ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም የሚያልፉባቸው በሮች አሉት፤ በሮቹም ራሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው። መልእክት ሲመጣ የሶዲየም በር ይከፈታል፣ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሺኛ የሰከንድ ክፍልፋይ በሚለካ ጊዜ ውስጥ በሩ ራሱን ይዘጋል። የፖታሲየም በር ደግሞ ተከፍቶ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣና ነርቩ ለሚቀጥለው መልእክት ይዘጋጃል። ማሰባችን፣ መተንፈሳችን፣ የልባችን ምት ሁሉ በዚህ መክፈትና መዝጋት ላይ ቆሟል። በአፍሪካና በእስያ ጊንጦች የተለመዱት አልፋ የሚባሉት መርዞች በሩን አይሰብሩትም፣ አይበሱትም። በውጭ በኩል የኤሌክትሪክ ለውጥን በሚያዳምጠው የበሩ ክፍል ላይ ተጣብቀው መዘጋቱን ያዘገዩታል። በአሜሪካ ጊንጦች የሚበዙት ቤታ የሚባሉት ደግሞ ሌላውን ክፍል ይዘው በሩ ጊዜው ሳይደርስ እንዲከፈት ያደርጉታል። ሁለቱም የሶዲየም ጎርፍ ያስከትላሉ፤ ነርቩ አንድ ጊዜ እንዲናገር ሲታዘዝ ደጋግሞ ይጮኻል።

አጫጭሮቹ መርዞች የሚያተኩሩት በፖታሲየም በር ላይ ነው። ከግብፅ እስከ ሱዳን በረሃ ከሚገኘው ላይዩረስ ከሚባለው ቢጫ ጊንጥ በ1985 እ.ኤ.አ. የተለየው ካሪብዶቶክሲን 37 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት፤ ከነዚህ 27ኛው የፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ላይሲን ነው። ይህ ላይሲን በበሩ አፍ ገብቶ የጋን አፍ በውታፍ እንደሚደፈን ይደፍነዋል። የሳይንስ ሰዎች ይህን መርዝ እንደ መለኪያ ተጠቅመው ነው የበሩ አፍ በየትኛው የፕሮቲኑ ክፍል እንደሚገኝ የደረሱበት። ከነርሱ አንዱ ሮደሪክ ማኪነን በ1998 እ.ኤ.አ. የፖታሲየም በርን ቅርጽ አሳይቶ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ቅርጹ ባልታወቀበት ዘመን የበሩን አፍ በጨለማ ዳስሶ ያገኘላቸው የጊንጥ መርዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሰውን ነርቭ አሠራር ከተማርንባቸው መንገዶች አንዱ ይህ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የተነደፈ ሰው ሰውነት ላይ የሚታየው ሁሉ የነዚህ በሮች መታወክ ነው። ነርቮቹ ሲጮኹ አሴቲልኮሊን፣ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ የመልእክት ኬሚካሎች ያለ ልክ ይፈስሳሉ። ላብ፣ ምራቅና ትውከት ይመጣል፤ የልብ ምት ይዛባል፣ ደም ግፊት ይወጣል፤ በአንዳንዱ ላይ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይንከራተታል። ልብ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ሲደክም ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፤ ገዳዩ ይህ ነው። አንድ ሰው «ጠብታ እንኳ የማትሞላ መርዝ ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጋለች?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በስሌት ይገኛል። በሞለኪውል መመዘኛ ሰባት ሺህ ዳልተን ከሚመዝን መርዝ አንድ ማይክሮግራም፣ ማለትም የግራም ሚሊዮንኛ፣ ከ80 ትሪሊዮን የሚበልጡ ቅንጣቶች አሉት። እያንዳንዷ ቅንጣት አንድ በር ብትይዝ በዚያ በር የሚያልፈው ሶዲየም በሺዎች የሚቆጠር ነው። ጎርፉን የሚሠራው የራሳችን ነርቭ ነው፤ መርዙ በሩን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለበትም።

መርዝነት የግጥምጥሞሽ ጉዳይ ለመሆኑ ከዚህም የበለጠ ማስረጃ አለ። አንድሮክቶነስ ከሚባለው የሰሜን አፍሪካ ጊንጥ መርዝ ውስጥ ነፍሳትን ሽባ የሚያደርግ፣ አጥቢ እንስሳን ግን የማይነካ ፕሮቲን ተለይቷል። ያው ጊንጥ በዚያው ጅራት ሰው የሚገድል ሌላ ፕሮቲንም ይይዛል። ሁለቱ በአጣጣፋቸው የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ የተለዩት በገጻቸው ላይ ባሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶችና በሚገጥማቸው በር ነው። በአሜሪካ በረሃ ጊንጥ አድና የምትበላ አይጥ አለች። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደታተመ ጥናት ከሆነ ሌላውን እንስሳ በሕመም የሚያስጮኸው መርዝ የርሷን አንድ የሶዲየም በር ስለሚዘጋው ሕመሙ ይደነዝዝላታል፤ ምክንያቱም በሯ በጥቂት አሚኖ አሲዶች ተለውጧል። ሦስተኛው ማስረጃ ሁሉንም ይበልጣል። የጊንጥ መርዝ አጣጣፍ ነፍሳትና ዕፅዋት ከጀርም ራሳቸውን ከሚከላከሉባቸው ዲፌንሲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር አንድ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከአንድ የነፍሳት ዲፌንሲን ላይ ትንሽ ክፍል ቆርጠው ቢያወጡ ፕሮቲኑ የፖታሲየም በር የሚዘጋ የነርቭ መርዝ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት የነበረው በአንድ ቁርጥ መርዝ ሆነ ማለት ነው።

ጊንጥ ይህን መሣሪያ በከንቱ አያባክነውም። በደቡብ አፍሪካ ፓራቡተስ ላይ የተሠራ ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ ጥርት ያለ፣ ፖታሲየም ጨው የበዛበትና ፕሮቲን ያነሰበት ነው፤ ያማል እንጂ ብዙ አያጠፋም። ወተት የሚመስለው፣ ውድ ፕሮቲን የሞላበት መርዝ የሚከተለው ጊንጡ ይበልጥ ሲጠቃ ነው። መርዙ ከተጨለፈ በኋላ መልሶ ለመሙላት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚያወጣው ጉልበት ከወትሮው በመቶ 39 ያህል እንደሚጨምር ተለክቷል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጊንጥ ሁለት ሰዎችን ነድፎ አንዱ በጥቂት ሕመም ሲያልፍ ሌላው ሊታወክ ይችላል።

«አያቶቻችን በባህል መድኃኒት ሲድኑ ኖረዋል» የሚለው ክርክር መመዘን ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። ክርክሩን አልንቀውም፤ የሚናገሩት ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የዓለም ግምት በዓመት 1.2 ሚሊዮን ሰዎች በጊንጥ እንደሚነደፉና ከ3,000 በላይ እንደሚሞቱ ያሳያል። ከሺህ ተነዳፊ ሦስት ያህል ማለት ነው። እንግዲህ ቢበጡት፣ ቢያስሩት፣ ቅጠል ቢያደርጉበት ወይም ምንም ባያደርጉበት ከሺህ 997 ያህሉ ይድናል፤ ምስጋናውም ለተደረገው ነገር ይሆናል። ጥያቄው ለሦስቱ የሚደረግላቸው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ሦስቱም በብዛት ሕፃናት ናቸው። ቅርጹ አንዴ ከገጠመ ደግሞ መጠኑም ይቆጠራል፦ ስድሳ ኪሎ የሚመዝነውን አጫጅና አሥር ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ አንድ ጊንጥ እኩል ቢነድፋቸው ልጁ ለክብደቱ የሚደርሰው መርዝ ስድስት እጥፍ ነው። መርዙ ትንሽ በመሆኑ ከቆዳ ሥር ወደ ደም ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ስለዚህ መብጣት ደምና መመርቀዝ ከማምጣት በቀር አይጠራርገውም፣ አጥብቆ ማሰርም እግሩን ይጎዳል እንጂ መንገዱን አይዘጋውም። የሚጠቅመው ቦታውን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ሕመም ማስታገሻ መስጠትና ሰውየውን ማረጋጋት ነው። ሕፃን ከሆነ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። በማንኛውም ሰው ላይ ላብ ሲያጠምቀው፣ ሲያስመልሰው፣ ምራቅ ሲበዛበት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ከታየ ሰዓት ማባከን አይገባም።

ጤና ጣቢያው ደግሞ ምን ይሥራ? የመርዝ ማርከሻ ለጊንጥ የተዘጋጀው አሁን አይደለም፤ ቻርልስ ቶድ በግብፅ ሠርቶ ያስታወቀው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ማርከሻ ፈረስ በትንሽ በትንሹ መርዝ ተወግቶ ደሙ ውስጥ ከሚያዘጋጀው ፀረ-እንግዳ አካል የሚወጣ ነው፤ ያም የሚሠራው መርዙን በቅርጹ ለይቶ በመያዝ ነው። ስለዚህ ለሰሜን አፍሪካ ጊንጥ የተሠራ ማርከሻ ለፓራቡተስ ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ደቡብ አፍሪካ ለራሷ ፓራቡተስ የራሷን ማርከሻ የምታዘጋጀውም ለዚህ ነው። «እኛ ማርከሻ ከየት አምጥተን?» ለሚለው ሌላ መንገድም አለ። በሕንድ ማሃራሽትራ ገጠር የሚያክሙት ሐኪም ሂማትራኦ ባዋስካር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፕራዞሲን የተባለውን ርካሽ የደም ግፊት ክኒን ለተነደፉ ሰዎች ሰጡ። መድኃኒቱ መርዙን አይነካውም፤ ያ ሁሉ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ልብና የደም ሥር ላይ የሚያደርሰውን ጫና ያነሳል። በጠና ከታመሙት መካከል ከመቶ 30 ያህል ይደርስ የነበረው ሞት ከ1 በታች እንደወረደ ዘግበዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ማርከሻና ፕራዞሲን አንድ ላይ ሲሰጡ ሕሙማን ፈጥነው እንደሚያገግሙ አሳይቷል። ክኒኑ ግፊትን በድንገት ሊያወርድ ስለሚችል በባለሙያ እጅ እንጂ በቤት የሚወሰድ አይደለም። ከሊማሊሞ በታች ባሉ ጤና ጣቢያዎች መደርደሪያ ላይ ቦታ የሚገባው መድኃኒት ግን ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅርጹ የሚጎዳውን ያህል ሊጠቅም መቻሉም ከዚሁ ይከተላል። ከላይዩረስ መርዝ በ1993 እ.ኤ.አ. የተለየው 36 አሚኖ አሲድ ያለው ክሎሮቶክሲን የአንጎል ዕጢ ሕዋሳትን ለይቶ ይጣበቃል፤ በአሜሪካ ሲያትል የሚገኙ ሐኪሞች ብርሃን ከሚሰጥ ቀለም ጋር አያይዘው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የዕጢውን ዳርቻ እንዲያይበት በሕሙማን ላይ ሞክረውታል። የኛ ጥቋቁር ጊንጦች ዘመድ ከሆነው ከምዕራብ አፍሪካው ፓንዲነስ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ስኮርፒን የተባለ 75 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ተገኝቷል፤ በቤተ ሙከራ የአይጥ ወባ ተውሳክን ዕድገት ገትቷል። ወባ ለሚያንገላታው ቆላ ይህ የሚያጓጓ ዜና ነው። ነገር ግን ከቤተ ሙከራ እስከ ፋርማሲ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ከዚህ ተነስቶ የጊንጥ ዱቄት ወይም ቅባት መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ያታልላል። ጊንጥ እየለቀሙ መሸጥም አያዋጣም፦ የአንድ መርዝ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ከታወቀ በኋላ በቤተ ሙከራ ይሠራል፣ እንስሳው አያስፈልግም።

ዋጋ ያለው ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነውና እዚህ ላይ ሕግ ይገባል። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምና የማኅበረሰብ መብትን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ደንግጋለች። በጤፍ ላይ የሆነውን እናስታውሳለን፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ውል ለአገሪቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳያመጣ ቀረ፣ የፈጠራ መብቱም ሆላንድ ውስጥ በፍርድ ቤት እስኪሻር ዓመታት ወሰደ። ከአፍሪካ ቀንድ በቅርብ ዓመታት ብዙ አዳዲስ የጊንጥ ዝርያዎች ተገልጸዋል፤ የገለጿቸውም በአብዛኛው እንደ ቼኩ ፍራንቲሼክ ኮቫርዢክ ያሉ የውጭ ሊቃውንት ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የብዙዎቹ መርዝ ግን ገና በዝርዝር አልተነበበም። ይህን ሥራ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሊጀምረው ይችላል፤ ተቋሙ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ዓላማው የገጠሩን በሽታ በገጠሩ ማከም ነበር። ጊንጥ በሌሊት በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት አረንጓዴ ሆኖ ስለሚያበራ ማግኘቱ አይከብድም፤ ጅራቱ በመጠነኛ ኤሌክትሪክ ሲነካ መርዙን ጠብ ያደርጋል፣ እንስሳውም ሳይሞት ይለቀቃል።

መጀመሪያው ግን ከዚህም የቀለለ ነው። ጤና ጣቢያ የተነደፈ ሰው ሲመዘግብ «ጊንጥ» ብሎ ብቻ ያቆማል፤ የትኛው ጊንጥ እንደሆነ አይጠየቅም። ቤተሰቡ የገደለውን ጊንጥ በጠርሙስ ቢያመጣ ወይም በስልክ ፎቶ ቢያነሳ፣ መዝጋቢውም የመቆንጠጫውን ውፍረት፣ የጅራቱን ውፍረት፣ ቀለሙን፣ የተነደፈበትን ቀበሌና ሰዓት፣ የተነዳፊውን ዕድሜና የታየበትን ምልክት ቢጽፍ፣ ከጥቂት የአጨዳ ወራት በኋላ በዛሪማና በአካባቢው ልጆችን የሚያሳምመው ጊንጥ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፤ የማርከሻ ግዢም በግምት መሆኑ ይቀራል።